«ጭንቀት ነው» ተባልኩ፤ ወገቤ ግን ያመኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ43 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ወገቤን ካመመኝ አራት ዓመት አለፈኝ። ኤምአርአይ ተነሥቼ «ዲስኩ በመጠኑ ወጣ ብሏል፤ ለኦፕራሲዮን ግን አያደርስም» ተባልኩ። ወጌሻ ጋ ታሽቻለሁ፣ ጠበልም ተጠምቄያለሁ፤ ሻል ይለኝና ተመልሶ ይነሣብኛል። ሲብስብኝ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ገዝቼ እውጣለሁ። ደህና በሆንኩበት ቀን የተጠራቀመውን ልብስ አጥቤ፣ የሳምንቱን እንጀራ ጋግሬ እውላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከአልጋ አልነሣም። እንቅልፍ የለኝም፤ በትንሹም በትልቁም ልጆቼን እቆጣለሁ፣ ኋላ ደግሞ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ለቅሶ ቤት ብዙ መቀመጥ ስለማልችል መሄድ ትቻለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ኮራች» ይሉኛል። ባለፈው ወር ያየኝ ሐኪም «ጭንቀት ነው» ብሎ ማታ ማታ የሚዋጥ 10 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ። የድብርት መድኃኒት መሆኑን ስሰማ አልዋጥኩትም። ሕመሙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አልፈጠሩትም። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ ከወገብዎ ሕመም ባልተናነሰ ይህ ጥርጣሬ እየጎዳዎት መሆኑን ከደብዳቤዎ ስለተረዳሁ ነው። የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጉም፣ ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የስሜትም ጭምር የሆነ ደስ የማይል ገጠመኝ ነው፤ ስለዚህ ጭንቀት ሕመሙን ያባብሰዋል ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህን ጊዜ የመጀመሪያው ጉዳት ቢሽር እንኳ፣ አንጎልና ሠረሰር ሌባ የገባበት ቤት ባለቤት ነፋስ በሩን በነቀነቀው ቁጥር እንደሚባንን፣ ቀላሉን እንቅስቃሴ ሁሉ እንደ አደጋ መቁጠር ይቀጥላሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃትና ሐሳብ ይህን ንቃት ያበረቱታል፤ ሕመሙም በተራው እንቅልፍ ይነሣል። ወጣ ብሏል የተባለው ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ደግሞ፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ40 በዘለለ ሰዎች ዘንድ፣ ምንም ሳያማቸውም ብዙ ጊዜ የሚታይ ስለሆነ፣ ወገብዎ ሊሰበር የተቃረበ ይመስል አይፍሩት።

የታዘዘልዎ መድኃኒት በርግጥ ለድብርት የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ለድብርት የሚሰጠው ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ መጠን የሚታዘዘው የሕመሙን መልእክት ለማለዘብና እንቅልፍ ለማምጣት ነው። ሐኪሙ ይህን ቢያስረዳዎት ኖሮ መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ባልቀረ ነበር፤ በዚህ ቅር መሰኘትዎ ተገቢ ነው። ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ጥቅሙን ለማየትም ሳምንታት ይፈጃል፤ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ሊያደነዝዝም ይችላል። የልብ ሕመም ወይም የዓይን ግፊት ካለብዎ ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። ዲክሎፌናክን በራስ ፈቃድ ለዓመታት መዋጥ ግን ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ስለሚችል ይበልጥ ያሳስበኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ያ «ደህና የሆንኩበት ቀን» ያሉት መለወጥ አለበት። ምጣዱ ፊት ሆነው አክንባሎውን ባነሡ ቁጥር ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ ሠላሳ እንጀራ ማለት ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ማጎንበስ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ልብሱ ታጥቧል። የሥራውን ልክ ሕመሙ እንዲወስንልዎ አይፍቀዱ፤ በቁጥር ይወስኑት። በመጥፎ ቀንም የሚችሉት አምስት እንጀራ ከሆነ፣ በደህናው ቀንም አምስት ሲሞላ ምጣዱን ያጥፉ፣ ትንሽ ይራመዱ፣ ቀሪውን ለነገ ያቆዩ ወይም ለልጆቹ ያካፍሉ። ሳምንት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ይጨምሩ። በመጥፎው ቀንም ሙሉ ቀን አይተኙ፤ እስከ በር ደርሶ መመለስም ይቆጠራል። መጀመሪያ ላይ ሥራ ያለመጨረስ ስሜቱ ያበሳጫል፤ ብዙ ታካሚዎቼ እዚህ ላይ ይተዉታል፤ እርስዎ እንዳይተዉት አደራ እላለሁ።

ቁጣውና ልቅሶው የእምነት ማነስ ወይም የክፋት ምልክት አይደለም። ሆኖም ደስ ይሉዎት የነበሩ ነገሮች ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካስጠሉዎት፣ ወይም መኖር ከንቱ ሆኖ ከታየዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ይንገሩ። ጠበሉን መቀጠል ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ግን በእርሱ አይተኩ። እግር ከዛለ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም አልወጣ ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከታዩ ደግሞ፣ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ስላለ፣ ሳይዘገዩ ይመርመሩ።

ጎረቤቶችዎን በተመለከተ፣ ከመካከላቸው ለሚቀርቡዎት ለአንዷ እውነቱን ይንገሩ፤ ለሌሎቹ እርሷ ታስረዳልዎታለች። በዚህ ሳምንት ቡና ሲጠሩዎት ዝቅ ያለው ዱካ ላይ አይቀመጡ፤ ከፍ ያለ ወንበር ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ፣ አቦሉን ጠጥተው ይነሡ። በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ቶናው ይቆዩ።