ጥያቄና መልስ፦ የጂአርኢ ባዶ ቦታ ሙላ

ጥያቄ፦ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ለማመልከት ለጂአርኢ (GRE) የመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው በካርድ ጽፌ ሸምድጃለሁ። ባዶ ቦታ ሙላ ላይ ግን ግማሹን እንኳ አላገኝም። ቃላት ልጨምር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቃላት መጨመሩን ለጊዜው ያቁሙት። አንድ ሺህ ቃል ይዘው ከግማሽ በታች የሚያገኙ ከሆነ ችግሩ ያለው አረፍተ ነገሩን በሚያነቡበት መንገድ ላይ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ተፈታኝ ጥያቄውን ገረፍ አድርጎ ወደ ምርጫዎቹ ይወርድና ቃላቱን በየተራ ባዶው ላይ እያስገባ የትኛው ለጆሮ እንደሚጥም ይሞክራል። ምርጫዎቹ የተሰናዱት ደግሞ እንዲህ የሚሠራውን ሰው ለመጣል ነው፤ ሁሉም በሰዋስው ይገጥማሉ፣ ሁለት ሦስቱም ደህና ይመስላሉ።

ሲለማመዱ ምርጫዎቹን በወረቀት ይሸፍኑ። አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያንብቡና ባዶው ስለማን ወይም ስለምን እንደሚናገር ይለዩ። ከዚያ ስለዚያው ሰው ወይም ነገር ሌላ ቦታ ላይ ምን እንደተባለ ይፈልጉ፤ ፍንጩ እዚያው ተጽፏል። ቀጥሎ አቅጣጫውን ይዩ። ኦልዞው (although)፣ ዲስፓይት (despite) ወይም የት (yet) ካለ ባዶው ከፍንጩ ጋር ይቃረናል፤ ቢኮዝ ወይም ኢንዲድ ካለ አብሮት ይሄዳል፤ ሁለት ነጥብ (:) ካለም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ነው። አሁን የራስዎን ቃል ይጻፉ። በአማርኛ ቢሆን ምንም አይደለም፤ «ግትር»፣ «ለፍላፊ» ብሎ ማስቀመጥ ይበቃል። ቃል እምቢ ካለዎት ባዶው በጎ ቃል ከፈለገ የመደመር፣ መጥፎ ቃል ከፈለገ የመቀነስ ምልክት ያድርጉ። ወረቀቱን የሚያነሱት ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ስድስት ምርጫ ቀርቦ፣ ለአረፍተ ነገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የሚሰጡ ሁለት ቃላት የሚመረጡበት፣ ሴንተንስ ኢኩዊቫለንስ የሚባለው ነው። አረፍተ ነገሩ ወደ አማርኛ ሲመለስ፦ «ዲፕሎማቱ በጋዜጠኞች ፊት ቃል ቆጣቢ ቢሆኑም ከወዳጆቻቸው ጋር ሲሆኑ ግን ____ ናቸው።» ምርጫዎቹ ጋሩለስ፣ ላኮኒክ፣ ጂኒየል፣ ታሲተርን፣ ፖምፐስ፣ ሎክዌሸስ ናቸው። «ወዳጆች» የሚለው ዓይኑን የሳበው ሰው ጂኒየልን ያነሳል፤ ተግባቢ ማለት ነውና ያስኬዳል። ፍንጩ ግን «ቃል ቆጣቢ» ነው፤ «ቢሆኑም» ደግሞ ይገለብጠዋል። ስለዚህ የምንፈልገው ብዙ የሚያወራ የሚል ቃል ነው፤ መልሱ ጋሩለስና ሎክዌሸስ። ጂኒየል አጋር የለውም፤ አጋር የሌለው ቃል ምንም ያህል ቢጥም ይጣላል። ላኮኒክና ታሲተርንም (ሁለቱም ቃል ቆጣቢ ማለት ናቸው) ጥንድ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። አረፍተ ነገሩን ትቶ ተመሳሳይ ቃላት ብቻ የሚያድን ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አማርኛ ተናጋሪውን በተለይ የሚያሳስቱ አባባሎች አሉ። ኤኒቲንግ በት ማለት «በፍጹም አይደለም» ነው፤ ናቲንግ በት ግን «ብቻ» ማለት ነው። ፋር ፍሮምና ሃርድሊም አሉታን የሚደብቁ ናቸው። እነዚህን አንዴ ካለፏቸው ያስቀመጡት ምልክት ይገለበጥና መልሱ ሁሉ ተቃራኒ ይሆናል።

ካርዶችዎን አይጣሏቸው፤ ግን አንድ ፍቺ ብቻ የያዘ ካርድ ያሳስታል። ዲስኢንተረስትድ በዚህ ፈተና የማያዳላ ማለት ነው እንጂ ግድየለሽ ማለት አይደለም። ኳሊፋይ የተባለ ሐሳብ ገደብ የተበጀለት ሐሳብ ሊሆን ይችላል። በየካርዱ አንድ አጭር አረፍተ ነገርና የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይጨምሩ፤ ቃላቱንም በፊደል ተራ ሳይሆን በቤተሰብ ያስቀምጧቸው፦ ወሬኞቹ አንድ ላይ፣ ግትሮቹ አንድ ላይ፣ የሚያወግዙት አንድ ላይ።

ጥያቄ፦ ሥራ ስላለኝ ለልምምድ በቀን 40 ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ። ሦስት ባዶ ያላቸው ጥያቄዎች ሰዓቴን ይበሉታል። ብዘላቸውስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ለኋላ ያቆዩዋቸው እንጂ ባዶ አይተዉአቸው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ካጠረ ወዲህ የቋንቋው ክፍል 27 ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ከዚያ 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም ጥያቄ እኩል ይመዘናል፤ ሦስት ባዶ ያለው ሁለቱን ቢያገኙም ምንም አይሰጥም። በግምት ሲመልሱ አንድ ባዶ ባለው ላይ የማግኘት ዕድልዎ ከ5 አንድ ነው፣ በሁለት ባዶ ከ9 አንድ፣ በሦስት ባዶ ከ27 አንድ። ስለዚህ ምልክት አድርገው ይለፉና ከክፍሉ ሳይወጡ ይመለሱ። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንዱን ይምረጡ። የሁለተኛው ክፍል ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚከብዱ የሚወሰነው በመጀመሪያው ውጤትዎ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 12 በችኮላ አይፍጇቸው።

ሲመለሱበት ከባዶ አንድ መጀመር የለብዎትም። ብዙ ጊዜ ጠንካራው ፍንጭ ያለው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ነው፤ እሱን ሞልተው ወደ ኋላ ይመለሱ።

40 ደቂቃውን ደግሞ 12 ጥያቄ በ15 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ እርማት፣ 5 ደቂቃ የቆዩ ካርዶች ብለው ይክፈሉት። እርማት ማለት መልሱን አይቶ ማለፍ አይደለም። ከእያንዳንዱ ስሕተት ጎን ቃሉን አላውቀውም፣ ፍንጩን አላየሁም፣ አቅጣጫውን ገለበጥሁ፣ አጋሩን አላጣራሁም ከሚሉት አንዱን ይጻፉ። ሳምንት ሲሞላ የትኛው እንደበዛ ይቁጠሩ። «አላውቀውም» ካልበዛ የቃላት ዝርዝሩ ይረፍ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም የሚዞሩት የጂአርኢ ፒዲኤፎች ይጠቅማሉ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከፍተው ይዩት። ተቃራኒ ፈልግና የቃላት ዝምድና የሚሉ ጥያቄዎች ካሉበት ፋይሉ ከኦገስት 2011 እ.ኤ.አ. በፊት በነበረው ፈተና የተሠራ ነው። ባዶ ቦታ ጥያቄዎቹም ቢሆኑ ያኔ ሁለት ባዶ ያለው ምርጫ በጥንድ ስለሚቀርብ አንዱን ቃል ያወቀ ሌላውን በነፃ ያገኝ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ባዶ የራሱ ሦስት ምርጫ አለው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ሁለት ሙሉ የፓወርፕሬፕ መለማመጃዎችን በነፃ ይሰጣል። አንዱን ከፈተናው ሦስት ሳምንት፣ ሌላውን አንድ ሳምንት ቀደም ብለው በኮምፒውተር፣ ሰዓት ይዘው ይሥሩ፤ ለዕለት ልምምድ ቆራርሰው አይጨርሷቸው።