በሶብላው ያለ ፌስታል ቤት እንዴት ይድረስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ በረንዳዬ ላይ በሶብላ፣ ናና፣ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል ምናምን እያፈላሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤትና ለሁለት ካፌዎች እሸጣለሁ። እስካሁን በጥቁሩ የችግኝ ፕላስቲክ ተክዬ ከላይ በፌስታል ነበር የምሰጠው፣ ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ ከወጣ በኋላ ግን ወደ ወረቀት ከረጢት ዞርኩ፣ ባለፈው ታዲያ አንዷ ደንበኛዬ ሚኒባስ ውስጥ ከስሩ ተቀዶባት አፈሩ በሙሉ የሰው ቀሚስ ላይ ተዘረገፈ። ፕላስቲክ ያልሆነ፣ የማይወደድ፣ ውሀም የሚችል ነገር ካለ ንገሩኝ። በስብሶ አፈር ይሆናል፣ ባዮዲግሬደብል ነው የሚሉት ከረጢትስ ያዋጣል?
ከበረንዳዋ

መልስ፦ የሰው ቀሚስ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፣ ይቅር በይኝ። ግን እህቴ ጥፋቱ የወረቀቱ ብቻ አይመስለኝም፣ ቅዳሜ ጠዋት ልትሸጪ ስትይ ለምለም እንዲመስል ብለሽ ውሀ አጠጥተሻት ነበር አይደል? ሁላችንም የምናደርጋት ነገር ናት። አርብ ማታ አጠጪና ሌሊቱን ይንጠፍጠፍ፣ ጠዋት አፈሩ እርጥብ ሆኖ ግን አይንጠባጠብም፣ ያኔ ከስሩ አንድ ቁራጭ ካርቶን ከገባበት ተራ ወረቀትም ሜክሲኮ ድረስ ያደርሳል።

ደሞ ሁሉንም በአንድ አይነት ማሸግ የለብሽም። የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ደረቅ ነገር ይወዳሉ፣ እነሱን በቃጫ አስረሽ ብቻ ብትሰጪም ምንም አይሆኑም። አስቸጋሪው በሶብላ ነው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ይጠቁራል፣ ንፋስ ሲመታው ይጠወልጋል፣ ስለዚ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የሚሸፍነው ነገር ይፈልጋል። ለሱ እኔ ከምንም በላይ የምመርጠው ኮባ ነው! ለድፎ ዳቦ የምንገዛው ኮባ እኮ ነው ሌላ አይደለም፣ ወፍራሙን አጥንት አውጪና ቅጠሉን እሳት ላይ ትንሽ አሳልፊው፣ ይለሰልስና ሳይሰነጠቅ ይጠቀለላል፣ ውሀም አያሳልፍም። በጥቂት ቀን ይደርቃል፣ ይድረቅ፣ የሚያስፈልገው ቤት እስኪደርስ ነው።

ከረጢት ከገዛሽ ግን ተጠንቀቂ፣ ጨርቅ የሚመስለው ስስ ከረጢት ብዙው ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ ማለት ያው ፕላስቲክ። ጫፉን ቆርጠሽ ክብሪት ጫሪበት፣ ቀልጦ ከተድቦለቦለ ፕላስቲክ ነው፣ አመድ ከሆነ ጨርቅ ነው። ማዳበሪያና ጆንያ ላይም እንደዛው ተጠንቀቂ፣ ስማቸውን እያቀላቀልን እንጠራቸዋለን እንጂ ማዳበሪያው የፕላስቲክ ክር ነው፣ የቃጫው ጆንያ ነው የሚሆንሽ። ባዮዲግሬደብል ስለሚባለው ደሞ፣ ከበቆሎ ስታርች የሚሰራው ፒኤልኤ የሚባለው በደንብ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ የበረንዳሽ አፈር ውስጥ ብትቀብሪው ከርሞም ታገኚዋለሽ፣ ብርሽን አታባክኚ። (ስለ ፌስታሉ፣ ስስ ስሱ እኮ ድሮም በ1999 ዓ.ም. ተከልክሎ ነበር ማንም ልብ አላለውም እንጂ፣ የ2017ቱ አዋጅ ግን ይዞ የተገኘውን ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው የሚያስቀጣው፣ ስለዚ ደንበኛሽንም አስቢላት።)

አሁን ወደ መትከያው። የጋዜጣ መትከያ ቆንጆ ነው ይላሉ፣ ለችግኝ ለሁለትና ሶስት ሳምንት አዎ፣ ከዛ በላይ ግን ወረቀቱ ውሀውን ወደ ውጪ እየሳበ አፈሩን ያደርቀዋል፣ መበስበስ ሲጀምር ደሞ አበስባሾቹ ረቂቅ ህዋሳት ናይትሮጅኑን ይሻሙትና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ሰው ውሀ አንሶት መስሎት ይጨምርበታል፣ ይብሳል። ለሽያጭ ጣሳ ይሻልሻል፣ እናቶቻችን ጤና አዳሙን በወተት ጣሳ በር ላይ ሲያቆሙት ማን ምን አላቸው? ካፌዎቹን ባዶ የሳልሳ ጣሳ ጠይቂያቸው፣ በነፃ ይሰጡሻል፣ ቀዳዳውን ከውስጥ ወደ ውጪ በሚስማር ብሺው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በመዶሻ አስተኚው እጅ እንዳይቆርጥ። የቀለም ጣሳ ግን በፍፁም፣ የሚበላ ነገር ነው የምትተክዪው።

ሸክላ የሚፈልግ ደንበኛ ካለሽ ቀጨኔ ሂጂና ከሸክላ ሰሪዎቹ እዘዢ፣ ብቻ ቀዳዳውን ሳይተኮስ በፊት እንዲበሱልሽ ንገሪያቸው፣ ከተተኮሰ በኋላ እበሳለሁ ብለሽ ስንት ትሰብሪያለሽ። ሸክላ ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል፣ ለጥብስ ቅጠል አሪፍ ነው፣ ናና ግን ውሀ ጠጪ ስለሆነ ጣሳው ውስጥ ይቆይ።

ለካፌዎቹማ ማሸግ የሚባለውን ተይው፣ የቲማቲም የእንጨት ሳጥን ውስጥ ደርድረሽ ውሰጂላቸው፣ የቢራ ጠርሙስ ላይ እንደሚደረገው ማስያዣ ያስይዙ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባዶ ሳጥንና ጣሳ ሲመልሱ ሙሉ ሳጥን ትሰጫቸዋለሽ። የተክሉን ስምም የፕላስቲክ ካርድ ላይ አትጻፊ፣ የቀርከሃ ስንጥር ላይ በእርሳስ ጻፊው፣ እስክርቢቶ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል።