ኳ ኳ የሚለው የቱ ነው? ስለ መኪና እግር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ ኮሮላ ነው የምነዳው፣ 2003 ሞዴል። አስፋልት ላይ ዝም ይላል፣ ኮብልስቶን ስረግጥ ግን ከፊት በኩል ኳ ኳ ይላል። ጋራዥ «ሁለቱንም አሞርዛተር ቀይር» አሉኝ። ልቀይር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቆይ፣ ገና ነው። ያረጀ አሞርዛተር አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ያንሳፍፋል እንጂ በየድንጋዩ አያንኳኳም። በትንንሽ ድንጋይ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚመታ ድምፅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስታብላይዘር ሊንክ ነው፤ ስታብላይዘሩን (መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) ከአሞርዛተሩ ጋር የሚያገናኘው፣ በሁለቱም ጫፉ ትንሽ ቦል ያለው ቀጭን ዘንግ። ከእግር ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ በእርሱ ፋንታ ሌላ ዕቃ ይቀየራል።

መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙረው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ሊንኩን በእጅ ይዘው በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ይነቅንቁት። ክፍተት ካለ እጅዎ ላይ ይሰማዎታል። ካልለየልዎት ሁለቱንም ሊንኮች ፈትተው ከጎማውና ከፍሬን ቱቦው አርቀው በሽቦ ይሰሯቸውና በዚያው ኮብልስቶን ላይ 200 ሜትር ያህል በዝግታ ይንዱ። ድምፁ ከጠፋ አገኙት። ሊንክ የሌለው መኪና መታጠፊያ ላይ ስለሚያጋድል ወደ ዋናው መንገድ እንዳይወጡበት።

ድምፁ ካልጠፋ ቀጥሎ የታችኛው ክንድ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ብረት) የኋላ ጎሚኒ፣ ከዚያ ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ቦል ጆይንት ይታያል። መኪናውን ከሻንሲው በክሪክ አንስተው መደገፊያ ያድርጉበት፤ ጎማው ይንጠልጠል። ላይና ታች ይዘው ሲነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ። ግራና ቀኝ ይዘው ሲነቀንቁ ብቻ የሚላላ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ቦል ጆይንትና የመሪ ዘንግ ጫፍ «ትንሽ ይቆይ» የሚባሉ ዕቃዎች አይደሉም፤ ከወጡ ጎማው ይተኛል።

ጥያቄ፦ ኮፈኑን ተጭኖ በመልቀቅ የአሞርዛተር ጤንነት ይታወቃል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በግማሽ። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተር የሞላውን ዝላይ ይገታል፤ ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ተጭነው ሲለቁት አንዴ ተነስቶ ከረጋ መልካም ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ሞቷል። ግን በከፊል የደከመ አሞርዛተር ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል፤ እጅ የሚሰጠው እንቅስቃሴ ከመንገዱ ምት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ዘይቱንም ይዩ። ላይኛው ጎሚኒ አካባቢ ስስ እርጥበት ብቻ ከሆነ አያሳስብም፤ ወደ ታች ወርዶ አቧራ የያዘ ጥቁር ጭቃ ከሠራ ግን ማፍሰሱን ይናገራል። የጎማውን ፊት በመዳፍ ይዳብሱት፣ በየመሃሉ የሚጎደጉድ ሞገድ ካለው ወይ አሞርዛተሩ ወይ የጎማው ባላንስ ነው። ቸርችል ጎዳናን ሲወርዱ ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ከወትሮው በላይ የሚደፋ ከሆነም ያስጠረጥራል።

ሲቀየር በአንድ አክሰል ላይ ያሉት ሁለቱም ይቀየሩ። የፊቱ ሞላ የተጫነበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታመቅ የመሃሉን ዳዶ የሚፈታ ሰው ካዩ ከአጠገቡ ይራቁ። በሽቦ የታሰረ ሞላም እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ አሞርዛተሬን በስተው ዘይት ሊሞሉልኝ ነው፣ በግማሽ ዋጋ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። ፋብሪካ በይዶ ዘግቶ፣ ብዙውን ጊዜም ናይትሮጅን ጋዝ ጨምሮ የሸጠው ነው። ተበስቶ ሲሞላ ጋዙ ይሄዳል፣ ያረጀው ማኅተምና ቫልቭ ግን እዚያው ይቀራል። ወፍራም ዘይት ሲገባበት ጠዋት ድንጋይ ይሆናል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልሳል። በዚያ ገንዘብ ከሶማሌ ተራ ደህና ያገለገለ መግዛት ይሻላል፣ እሱንም ዘንጉን ፈትሸው፦ ያልተጎዳ፣ ያልዛገ፣ ሲገፉም ሆነ ሲስቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይዘል ወጥ ሆኖ የሚከብድ።

ጥያቄ፦ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ በስድስት ወር ተቀደደ። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከዕቃው በፊት የተገጠመበትን መንገድ ይጠይቁ። ይህ ጎሚኒ ላስቲኩ ከውስጥና ከውጭ ከብረት ቱቦ ጋር የተጣበቀ ነው። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ አይንሸራተትም፣ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል። መካኒኩ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ፣ እግሩ ወደ ታች ወርዶ ሳለ ብሎኑን አጥብቆት ከሆነ ጎሚኒው በዚያ አቀማመጥ ተቆለፈ። መኪናው ሲወርድ ቆሞ እያለ እንኳ የተጠመዘዘ ነው፤ ጉድጓድ ሲጨመርበት ቀደደው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ይያዙ፣ ሳይጠብቁ። መኪናው ይውረድና ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ ይረፍ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይነቅነቅ፣ ከዚያ ከሥር ገብተው በፋብሪካው ልክ ያጥብቁ። ጉድጓድ ወይም ከፍ ማድረጊያ ራምፕ ከሌለ ክሪኩን ከክንዱ በታች አድርጎ አካሉ ለመነሳት እስኪቃረብ ማንሳት ይቻላል፣ ውጤቱ ያው ነው። ሲገባም ዘይት ወይም ግራሶ አይቀቡት፣ ላስቲኩን ያብጠዋል፤ የሳሙና ውሃ ይበቃል። አንዳንዱ ጎሚኒ ውስጡ ክፍት ቦታና ምልክት አለው፣ ዞሮ ከገባ ቶሎ ይሄዳል። ይህን ሁሉ አድርገው ከተቀደደ ሻጩን ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ አባዱላ ታክሲ ነኝ። ፊቱ ወርዶ ስለነበር በብሎኑ አስነሳሁት፣ አሁን ጎማ በአንድ በኩል ይበላል። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ያስጠበቁት የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ብሎን ነው። እዚህ ክብ ሞላ የለም፤ በምትኩ ቶርሽን ባር የሚባለው ረጅም ዘንግ ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ ያገለግላል። ብሎኑ ከፍታን ይለውጣል እንጂ ዘንጉን አያጠነክረውም። ከፍታው ሲቀየር የጎማው ማዕዘንም ይቀየራል፣ ለዚህ ነው አላይመንት ሳያስተካክሉ የጎማው ዳር የሚያልቀው። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ግራና ቀኝ ይለኩ፤ በግልጽ ከተለያዩ መጀመሪያ ያንን አመጣጥነው ወደ አላይመንት ይሂዱ። የኋላው ባሌስትራ ላይ ቅጠል ከተጨመረም የያዙትን ዩ ቦልቶች ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ደግመው ያጥብቁ። ከላሉ የመሃል ብሎኑ ይቆረጥና አክሰሉ ይሸሻል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬን እግር ለማየት ክሪክ የት ላድርግ?

መልስ፦ መመሪያው ላይ የተመለከቱት አራቱ ነጥቦች ላይ ብቻ። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ የለመደ እጅ መሃል ላይ ክሪክ ቢያስገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ሞተር ድምፅ ስለሌለው ደግሞ ትንሹም ኳኳታ ጎልቶ ይሰማል፣ ሁሉም ብልሽት አይደለም።

ጥያቄ፦ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ፍሬን ይዤ ልለፍ ወይስ ልልቀቅ?

መልስ፦ ከመድረስዎ በፊት ይያዙ፣ ጎማው ሲወጣበት ይልቀቁ። ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ስለሚደፋ ሞላው ግማሽ መንገዱን ጨርሶ ነው ጉብታውን የሚያገኘው።