ወፍራም ክብ ፊደል ለኬክ ቤት ታፔላ

እህቴ፣ ደሴ ፒያሳ ለምትከፍቺው ኬክ ቤት ማተሚያ ቤቱ ያሳየሽ ወፍራም፣ ጠርዙ ክብ የሆነ ፊደል ለታፔላም ለሜኑም ይሆን እንደሆነ ጠይቀሻል። ለታፔላው ይሆናል፤ ለሜኑው ዝርዝር ግን በፍጹም።

ይህ ዓይነት ፊደል ሹል ማዕዘን ስለሌለው ለስላሳ ነው፣ ስለሚወፍር ደግሞ ከሩቅ ይጠራል። ለኬክ፣ ለጁስ፣ ለልጆች ልብስ ያምርበታል፤ ለጠበቃ ቢሮ አይሄድም። በላቲን (በእንግሊዝኛ) ፊደል ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የኦዝዋልድ ኩፐር «ኩፐር ብላክ» ነው። እሱም ቢሆን የማስታወቂያ ፊደል ነው፤ ረጅም ጽሑፍ አይነበብበትም።

የእኛ ፊደል ላይ ጣጣው ይበዛል፤ ድምፁን የምትለየው ትንሿ ቅጥያ ናትና። «ኬክ ቤት» ውስጥ ኬ እና ቤ እግራቸው ላይ ቀለበት አላቸው። ፊደሉ ሲወፍር ቀለበቷ ትደፈንና ከመንገድ ማዶ «ኪክ ቢት» ተብሎ ይነበባል። «ሻይ» ላይ ደግሞ የሻ አናት ሰረዝ ከታቹ አካል ጋር ከተጣበቀ «ሳይ» ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት «ሻይ ቡና ኬክ ቤት» የሚለውን በ2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት አሳትመሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊና 3 ሜትር ራቅ ብለሽ እዪው። የፊደሉ ቁመት 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ታፔላ ከ30 ሜትር የሚታየው ልክ እንደዚያ ነው። የቀለበቷ ቀዳዳ ካልታየሽ ፊደሉ ይቀየር።

ሌላው፣ ፎንቱ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የፊደል ዓይነት) የራሱ ወፍራም ዓይነት እንዳለው አረጋግጪ። የአማርኛውን ፎንት ኒያላን የመሰለ፣ ወፍራም የሌለውን ፎንት «ቦልድ» (ወፍራም) ሲሉት ኮምፒውተሩ ጠርዙን ዝም ብሎ ያሳብጠዋል፣ ቀዳዳውንም ይበላዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ግን እስከ «ብላክ» (በጣም ወፍራሙ) ድረስ በየውፍረቱ ተሠርቷል። ማዕዘኑን ለማክበብ ኢሉስትሬተር በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ በ«ኦፍሴት ፓዝ» (የፊደሉን ጠርዝ በሚገፋው ትእዛዝ) መጀመሪያ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ከዚያ መገጣጠሚያውን «ራውንድ» (ክብ) አድርጎ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ መግፋት ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ግን በመጀመሪያው እርምጃ ይጠፋል፤ ሰረዞቹንና የቀለበቶቹን ጠርዝ አንድ በአንድ እዪ።

ታፔላው ማታ የሚበራ ከሆነ የደሴን ጉም አስቢበት። ብርሃን ጉም ውስጥ ይበተናል፤ ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ላይ ሲበራ ይበልጥ ያብጥና ይደፈናል። ክሬም መደብ ላይ ቡናማ ፊደል ይሻላል፤ ብርሃኑ ከፊደሉ ጠርዝ ይቀንስለታል እንጂ አይጨምርበትም። ስልክ ቁጥሩን በቀጭኑ አስጽፊው፤ 6፣ 8፣ 9 እና 0 በወፍራሙ ይመሳሰላሉ።

ሜኑ ላይ ወፍራሙ ለቤቱ ስም ብቻ ይሁን። የኬኩ ዓይነትና ዋጋው በመደበኛው ኖቶ፣ በ12 ወይም በ14 መጠን ይጻፍ። መስታወት ላይ ተቆርጦ የሚለጠፍ ስቲከር ካሰብሽም የቀለበቷን ግድግዳ ወፈር እንዲያደርጉልሽ ንገሪያቸው፤ ከቀጠነ ትርፉ ሲላጥ አብሮ ይነሳል።