«ወድቄ ነው» የሚሉት እናትና ያልተጣራው ብልዝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 78 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ትኖራለች፤ እኔ ያለሁት አዳማ ነው። ሰሞኑን ስጠይቃት በጣም ከስታ፣ ክንዷና ጀርባዋ በልዞ አገኘኋት። «ወድቄ ነው» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝ ወንድሜ አጠገባችን ነበር። ውክልና አስፈርሟታል፣ ቤቱንም ወደ ስሙ ሊያዞር ነው ሲባል ሰማሁ። ልክሰሰው ብል «ልጄን አላሳስርም» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከብልዙ እንጀምር፤ ቶሎ የሚጠፋው ማስረጃ እሱ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ቆዳው ስለሚሳሳ ከክርን በታች ባለው ክንድ ላይ ማንም ሳይነካው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ብልዝ ይወጣበታል። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ወይም ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ከረጢት ሳያዩ «ተመትታለች» ብለው አይደምድሙ። ሰው ሲወድቅ በአብዛኛው የሚበልዘው ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ክርኑና ዳሌው ነው። ጆሮ፣ አንገት፣ ጀርባ፣ የክንድ ወይም የጭን ውስጠኛ ክፍል ላይ የሚታይ፣ በተለይም ስፋቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ብልዝ ግን «ወድቄ ነው» በሚለው ብቻ አይታለፍም። በላይኛው ክንድ ላይ የተደረደሩ ክብ ክብ ምልክቶች በጣት ጨምድዶ የመያዝ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእጅ አንጓ ዙሪያ ያለ መስመር መታሰርን ያመለክታል። «ቢጫ ስለሆነ ሳምንት አልፎታል» የሚባለውን አይመኑ፤ ከቀለሙ ተነስቶ ቀኑን በትክክል ማወቅ አይቻልም።

ክሳቱም በቁጥር ይታይ። 60 ኪሎ የነበሩ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ፣ ወይም በ6 ወር 6 ኪሎ ከቀነሱ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ምክንያቱ የምግብ መከልከል ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ስኳር፣ ቲቢ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ካንሰር፣ ድብርት፣ የማይገጥም ሰው ሠራሽ ጥርስም ያከሳል። ከአልጋ የማይነሱ ከሆነ ታችኛውን ጀርባ፣ ዳሌንና ተረከዝን ገልጠው ይዩ። በየ2 ሰዓቱ የሚገላበጥ ሰው ጥልቅ የአልጋ ቁስል እምብዛም አይወጣበትም።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ክኒን መቁጠር ነው። በቀን አንድ የሚዋጥ የ30 ቀን የደም ግፊት መድኃኒት በ20ኛው ቀን 10 ፍሬ መቅረት አለበት። 25 ካገኙ እየተሰጣቸው አይደለም ማለት ነው። በተቃራኒው የእንቅልፍ መድኃኒት ከቀኑ ቀድሞ ካለቀ፣ እንዳያስቸግሩ እያስተኟቸው ሊሆን ይችላል፤ መውደቁም ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የመርሳት ሕመም የጀመራቸው አረጋውያን «ገንዘቤን ሰረቁኝ» ማለት ያዘወትራሉ፤ አንዳንዴ ራሳቸው የደበቁትን ነው። ይህ ማለት ግን የሚሉት ሁሉ ቅዠት ነው ማለት አይደለም፤ ይበልጥ የሚዘረፈውም የሚረሳ ሰው ነው። የባንክ ደብተሩ ይታይ።

ወደ ሕክምና ሲወስዷቸው ለነርሷ ቀድመው በጆሮዋ ይንገሯት፤ እናትዎ ብቻቸውን ይታዩ፤ እርስዎም ይውጡ። ሐኪሙ በቀጥታ ይጠይቃል፦ ቤት ውስጥ የሚፈሩት ሰው አለ? ምግብ ወይም መድኃኒት የከለከለዎት አለ? ሳይገባዎት የፈረሙት ወረቀት አለ? መልሳቸው በራሳቸው ቃል ካርዱ ላይ ይጻፍ። ፈቃዳቸው ከሆነ ብልዙን ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አድርገው ፎቶ ያንሱት። ለፍርድ ቤት የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ሆስፒታሉ በአብዛኛው የሚያወጣው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነው፤ ደብዳቤው እስኪመጣ ግን ሕክምናውን አያዘግዩ። የዕለቱ ካርድ ላይ «ወደቀች» ብቻ ተጽፎ ከሆነ በኋላ ማቃናት ከባድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። «አላሳስርም» ለሚሉ እናት መልሱ፣ ማንም ሳይታሰር የሚሠራ ብዙ ነገር መኖሩ ነው። መጀመሪያ ውክልናው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ የወንድምዎ ፈቃድ አያስፈልግም። እናትዎ መታወቂያቸውን ይዘው ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሂዱና ይሻሩ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ውክልናውን ከሻረ በኋላ ወረቀቱን ቤት ያስቀምጠዋል። ለወንድምዎ በጽሑፍ ይነገረው፤ ኮፒው ደግሞ ለባንኩ፣ ጡረታ ለሚከፍለውና ቤቱ ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ይግባ። አሮጌው ውክልና ላይ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል ካለ አንድ ቀንም አይቆዩ። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ቤት የሚያሸጠው ልዩ ውክልና ነው።

ቤቱ ቀድሞ ተላልፎ ከሆነ ሰነዱ ይመርመር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2443)፤ ይኸውም ሰነዱ በእናትዎና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ወዲያው መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ሽያጭ ከሆነና በመጃጀታቸው ወይም በችግራቸው ተጠቅሞ ያስፈረማቸው ከሆነ ቁጥር 1710 ውሉን ለማፍረስ ይጠቅማል፤ ክሱ ግን ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ከክሱ ጋር የዕግድ ትዕዛዝ ይጠይቁ፤ አለዚያ ችሎቱ ሳያልቅ ቤቱ ለሦስተኛ ሰው ያልፋል።

ቀለብም አለ። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጆች ለተቸገረና ሠርቶ ማደር ለማይችል ወላጅ ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምና የመቻል ግዴታ አለባቸው። ግዴታው የእርስዎም ነው፤ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ስንት እንደሚችሉ አስበው ይሂዱ። ሽማግሌ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ስምምነቱ ተጽፎ ይፈረም። ድብደባን ግን በእርቅ ሸፍኖ እዚያው ቤት መመለስ ሌላ ጉዳት መጠበቅ ነው።

ለጠበቃ ገንዘብ ከሌለ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ማዕከላትም ለችግረኛ ነፃ ድጋፍ ይሰጣሉ። የዳኝነት ክፍያውንም በድህነት ለመክሰስ አመልክቶ መዝለል ይቻላል። እናትዎ አእምሯቸው ደክሞ መወሰን ካልቻሉ አዲስ ውክልና አያስፈርሟቸው፤ ያው ጥፋት ነው። በሐኪም ማስረጃ ፍርድ ቤት በፍርድ እንዲከለክላቸው (በራሳቸው ውል እንዳይፈርሙ) እና ሞግዚት እንዲሾም ይጠየቃል።

ድብደባው ከተረጋገጠ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 556 አለ፤ ተጎጂው ደካማ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ቀላል ጉዳት ከሆነ አቤቱታው ድርጊቱ ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ እናትዎ እያመነቱ ቀኑ እንዳያልፍ ይንገሯቸው።

ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከደነዘዙ፣ መራመድ ካቃታቸው፣ ወይም ውሃ አጥተው ከተዳከሙ ግን ይህ ሁሉ ይቆይ፤ ለአምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደውሉ።