«ለምን ቶሎ ቶሎ ለቀቅክ?» ሲሉን ምን እንመልስ? (ጥያቄና መልስ)

በሰው ሀብት ሥራ፣ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ ኋላም ባሕር ዳር፣ ሰው ስቀጥር የኖርኩ ነኝ። ስለ ሥራ ቅነሳና ቦታ ስለ መቀያየር የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ልብስ ስፌት ላይ ነኝ። በአራት ዓመት ሦስት ፋብሪካ አይቻለሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ትዕዛዝ ጠፋ ብለው ቀነሱን፤ የመሀለኛውን ደመወዙ አልበቃኝ ብሎ በፈቃዴ ለቀቅሁ። ነገር ከማብዛት ሁሉንም «ተቀነስኩ» ብል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም እህቴ። ሦስቴ ተቀነስኩ ስትዪ ጠያቂው «ሁልጊዜ እሷ ብቻ ለምን?» ይላል። ለመሀለኛው ፋብሪካ ስልክ ከደወለ ደግሞ እውነተኞቹ ሁለት ቅነሳዎችም ሳይታመኑ ይቀራሉ።

ቅነሳውን ግን አንገት ሳትደፊ ተናገሪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆነውን ሠራተኛ ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲነካ። አንቺን ለይቶ ማባረር አይደለም። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 2014 ላይ ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ከወጣች ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚልኩ ልብስ ሰፊዎች ምን እንደ ደረሰባቸው የዘርፉ ቀጣሪ አይጠፋውም።

አንድ ብዙ ጠያቂ ልብ የማይለው ነገር አለ። ችሎታና ምርታማነት እኩል ሲሆን ሕጉ አገልግሎቱ አጭር የሆነውን አስቀድሞ ያስወጣል። ስለዚህ አንዴ ቦታ የቀየረ ሰው በአዲሱ ቤት የቅርብ ገቢ ነውና ቀጣዩ ቅነሳ ቶሎ ያገኘዋል። ሁለተኛው ቅነሳ የስንፍና ምልክት ሳይሆን የቀደመው መዘዝ ነው ማለት ነው። ይህን በአጭሩ ንገሪው፦ «የመጀመሪያው ቤት መስመራችን በሙሉ ተዘጋ፤ ደብዳቤው ይኸው። ሁለተኛውን ደመወዙ ለቤት ኪራይ ስላልበቃኝ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ለቀቅሁ። ሦስተኛው ሲቀንስ ከአዲሶቹ ነበርኩ።» በቃ፣ እዚያ ላይ ዝም በዪ። ቀጥሎ «እኛስ ጋ ቢያንስሽ?» መምጣቱ አይቀርም። ስንት ቢከፈልሽ እንደምትቀመጪ አስልተሽ ሂጂ፤ ቁጥሩንም ንገሪው። የሚያስፈራው ያለፈው ቅነሳ ሳይሆን ነገ ጥለሽው መሄድሽ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የጤና ፕሮጀክቶች ላይ ነበርኩ። ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ተሰናበትን። ከዚያ በፊትም አጫጭር ኮንትራቶች ነበሩኝ። ሲቪዬ ወንፊት መስሏል።

መልስ፦ ኮንትራቶቹን ተራ በተራ አትዘርዝር፤ «የፕሮጀክት ሥራዎች» በሚል አንድ ርዕስ ሰብስባቸው፤ ከየአንዳንዱ ጎን «ኮንትራቱ ተጠናቀቀ» ብለህ ጻፍ። የመጨረሻው ላይ «የገንዘብ ድጋፉ በመቋረጡ» በቂ ነው፤ ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ ማብራሪያ ማንም አልጠየቀህም። የእርዳታ ድርጅት ጠያቂ ይህን ካንተ በላይ ያውቀዋል። ባንክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከገባህ ግን ጥያቄው ይቀየራል፦ «ፕሮጀክት ሲመጣ ትተኸን ትሄዳለህ?» የእውነት የምትሄድ ከሆነ ሁለታችሁም ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ሁለት ወር ብቻ የሠራሁበትን ቦታ ከሲቪዬ ባወጣው?

መልስ፦ አውጣው። የሙከራ ጊዜ በሕግ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ መለያየት ያለ ነገር ነው። ቅጹ «የሠሩባቸውን በሙሉ» ካለ ግን ሙላው። ከደመወዝህ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ገቢ ሆኖልህ ከነበረ በጡረታ መለያ ቁጥርህ ስር ተመዝግቧል፤ አዲሱ ቤትም ያንኑ ቁጥር ይጠይቅሃል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ የቀድሞ አሠሪዬ ተጣልተን ስለተለያየን የሥራ ልምድ አልጽፍም አለ።

መልስ፦ ውዴታ አይደለም፤ ግዴታው ነው። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዝህን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ይሰጥሃል። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ቅጂው በእጅህ ይቅር። እምቢ ካለ ለአካባቢህ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት አመልክት። እስከዚያው የቅጥር ውልህንና የደመወዝ ማስረጃህን አቅርብ። የግል ድርጅት ልምድ ሲሆን «የሥራ ግብር የተከፈለበት» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ነውና ግብሩ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀትም ያዝ። እዚህ ላይ ስንት ጎበዝ ልጅ ሲወድቅ አይቻለሁ! ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ በወረቀት።

ስለ ጠቡ ከተጠየቅህ «በሥራ አካሄድ አልተስማማንም» ብለህ እለፈው። የቀድሞ አለቃውን የሚያማ ሰው ነገ እኔንም ያማኛል ብሎ የማያስብ ቀጣሪ አላጋጠመኝም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ድርጅታችን ሥራ አቆመ። አንድ ዓመት ባዶ ነኝ። ይህን ብናገር ፖለቲካ አይሆንብኝም?

መልስ፦ «በአካባቢው በነበረው ሁኔታ ድርጅቱ ሥራ አቆመ» በል፤ ማን ምን አደረገ ውስጥ አትግባ። ጠያቂህ የዚሁ አገር ሰው ከሆነ ከ2015 ክረምት ወዲህ የሆነውን አብሮህ ኖሮበታል። አዲስ አበባ ከሆነ ወሩንና ዓመቱን ጨምርለት።

ይልቅ «ባዶ ነኝ» ያልከው አልገባኝም። ዓመቱን ሙሉ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥክ? አንድ የሒሳብ ባለሙያ እንዲሁ ሲሸሽ ሲሸሽ ቆይቶ በመጨረሻ የአባቱን ጤፍ ሲያሳጭድና ሲሸጥ እንደ ከረመ ነገረኝ። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ከነጋዴ ጋር ዋጋ ተደራድሮ፣ የገባ የወጣውን መዝግቦ! ምን ያሳፍራል? ሲቪው ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፤ ሰባት መሥሪያ ቤት ሠርቻለሁ። ወጣቶቹ ጠያቂዎች ገና ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ሰባቱንም አይዘርዝሩላቸው። የቅርቦቹን አሥር ዓመታት በዝርዝር፣ የቀረውን በአንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ ረጅም የቆዩበትን ግን የድሮ ቢሆንም ከነዓመቱ ከላይ ያውጡት። ከሰባቱ ተመልሰው ይምጡልን ያለ ቤት ካለ እሱን ይናገሩ፤ እዚያ የነበሩትን ኃላፊ ስልክም አስፈቅደው ይስጡ። ቦታው ገንዘብ ያዥነት ወይም ንብረት ክፍል ከሆነ ተያዥ መጠየቃቸው አይቀርምና ከቃለ መጠይቁ በፊት ተያዥዎን ያዘጋጁ።