የነዳጅ መብራት ሲበራ ስንት ኪሎ ሜትር ይቀራል?

የጠያቂዬ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «2008 ሞዴል ቪትዝ አለኝ። ነዳጅ ሲያንስ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስወጣ መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩም ይቆራረጥብኛል። አራት ኪሎ ስደርስ መብራቱ ይጠፋል። ጌጁ ተበላሽቶ ይሆን? አንዳንዱ ከበራ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ይነዳል ይለኛል፤ ሌላው ፓምፑ ይቃጠላል ይላል። ቤተሰብ ይዤ ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነውና ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ ጌጅሽ (የነዳጅ መጠን የሚያሳይሽ መለኪያ) ደህና ነው። ታንከሩ ውስጥ ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ነገር አለ። ነዳጁ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፤ ጌጁ የሚያሳይሽም የእሱን ቦታ ነው። ዳገት ላይ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል። ታንከሩ ውስጥ ትንሽ ብቻ ከቀረ ተንሳፋፊው ያለበት ቦታ ባዶ ይሆንና መብራቱ ይበራል። ሜዳው ላይ ስትደርሺ ነዳጁ ቦታው ይመለሳል፣ መብራቱም ይጠፋል። ጌጅ ማመን ያለብሽ መኪናው ሜዳ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

የሞተሩ መቆራረጥ ግን ችላ የሚባል አይደለም። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕም የሚቀመጠው እዚያው ታንከር ውስጥ፣ በቪትዝ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ነዳጁ ሲሸሽበት አየር ቀላቅሎ ይስባል። ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተሩም ይራባል። መኪና ነዳጅ እያለው የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ታንከሩ ውስጥ ሦስት ሊትር ቢኖርም ፓምፑ ካልደረሰበት የለም ማለት ነው።

ይቃጠላል የሚሉሽም ያለ ምክንያት አይደለም። ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ነው። የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም በውስጡ የሚያልፈው ነዳጅ ነው። አንድ ቀን መብራት በርቶ ማደያ ድረስ ቢነዳ ምንም አይሆንም። በየሳምንቱ መብራት እያበሩ መንዳት ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። «ነዳጅ ሲያልቅ ከታች ያለውን ቆሻሻ ይስባል» የሚባለውን ግን ብዙም አልቀበለውም። ፓምፑ ታንከሩ ሞልቶም ቢሆን የሚስበው ከታች ነው።

አሁን ወደ 50 ኪሎ ሜትሩ እንምጣ። የቪትዝሽ ታንከር 42 ሊትር ይይዛል። መብራቱ ሲበራ የሚቀረው ከ5 እስከ 7 ሊትር አካባቢ ነው። ሜዳ መንገድ ላይ ይህ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወስድ ይችላል። በመገናኛ መጨናነቅ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አንድ ሰዓት ከቆምሽ ግን ኪሎ ሜትር ሳትጨምሪ ነዳጁ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመብራቱ ተነስተሽ አትቁጠሪ። ከሞላሽበት ቀን ተነስተሽ ቁጠሪ።

እንዲህ አድርጊ። ማደያ ገብተሽ ፉል አስደርጊ፤ ማሽኑ ራሱ ሲያቆም ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አታስጨምሪ። ኪሎ ሜትሩን ጻፊ። እንደ ወትሮሽ ነድተሽ ታንከሩ ግማሽ አካባቢ ሲደርስ፣ ከተቻለ እዚያው ማደያ ተመልሰሽ እንደገና ሙዪ። የነዳሽውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍዪ። 260 ኪሎ ሜትር ነድተሽ 20 ሊትር ከገባ መኪናሽ በሊትር 13 ይሄዳል ማለት ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ብትደጋግሚው ጥሩ ነው። የከተማውንና የገጠር መንገዱን ለየብቻ ያዢው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የጌጁን ግማሽ እንደ ግማሽ አትቁጠሪው። በብዙ መኪና ላይ የላይኛው ግማሽ ቀስ ብሎ፣ የታችኛው ደግሞ ቶሎ ይወርዳል።

ለደብረ ማርቆሱ ጉዞ ስሌቱ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ42ቱ ሊትር 7ቱን እንደሌለ ቁጠሪው። 35 ሊትር በ13 ሲባዛ 455 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፉል አድርገሽ ከወጣሽ ምንም ስጋት የለም።

የሚያስፈራኝ በግማሽ ታንከር የሚወጣ ሰው ነው። ግማሹ 21 ሊትር ነው። ጎሃ ጽዮን እስኪደርስ ወደ 185 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ 14 ሊትር ይጨርሳል። 7 ሊትር ይቀረዋል። መብራቱ የሚበራበት ልክ የአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው! ከዚያ ከበረሃው ማዶ እስካለችው ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወረቀት ሲታይ ይበቃል። ግን ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት አለበት። ሰው የጫነች ቪትዝ እዚያ በሊትር 6 ወይም 7 ብትሄድ ነው። በዚያ ላይ ዳገቱና ጠመዝማዛው ነዳጁን ከፓምፑ ያሸሹታል። ሽሮ ሜዳ ላይ ያየሽው መቆራረጥ እዚያ ቢመጣ፣ በሙቀት ውስጥ ከነልጆችሽ መንገድ ላይ ቆምሽ ማለት ነው። በግማሽ ከወጣሽ ፍቼ ላይ ሙዪ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ሌላ ማደያ መፈለግሽ አይቀርም፤ ለዚያ የሚሆን ነዳጅ ይኑርሽ። በጀሪካን ቤንዚን ይዞ መኪና ውስጥ ከልጆች ጋር መሄድ ግን በፍጹም አይታሰብ።

ቁልቁለቱን ስትወርጂ ነዳጅ ልቆጥብ ብለሽ ማርሹን ዜሮ አታድርጊ። እንዳንቺ ያለ የኢንጀክተር መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርሽን ከነዳጅ ካነሳሽ ለሞተሩ ነዳጅ መስጠት ያቆማል። ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ያቃጥላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሞተሩ ስለማይዝልሽ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ይግላል፣ መያዝ ያቆማል። በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ።

ከጉዞው በፊት አንድ ነገር ፈትሺልኝ። ታንከሩ ከግማሽ በላይ ሆኖ ሽሮ ሜዳን ውጪ። ካልተቆራረጠ ችግሩ የነዳጅ ማነስ ብቻ ነበር። ነዳጅ እያለም ከተቆራረጠ ፓምፑ ደክሟል፣ ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል፣ አለዚያም ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላና ኮይል ይታዩ። ጋራዥ ስትሄጂ መጀመሪያ የነዳጁን ግፊት በግፊት መለኪያ እንዲለኩልሽ ጠይቂ። በቪትዝ ከ3 ባር በላይ መሆን አለበት። ሳይለካ «ፓምፕ ግዢ» ቢሉሽ እሺ አትበዪ።